ከኦንላይን ካርታ ወደ አሮጌ ጂፒኤስ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሳ ሰው ዝርዝር መመሪያ

በየመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ተኝቶ የከረመ ጂፒኤስ አይጠፋም። ፕሮጀክት ሲዘጋ የተረፈ፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ ያመጣው፣ አለዚያም ያገለገለ መኪና ሲገዛ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ የተገኘ። «ስልክ እያለ ይሄ ምን ይሠራል?» እየተባለ ይተዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። እሱ ሲም ካርድ አይፈልግ፣ ኔትወርክ አይጠብቅ፤ በእጅ የሚያዘው ዓይነት ደግሞ ፀሐይ ላይ ስክሪኑ ይነበባል፤ ዝናብ ቢነካው ግድ የለውም። የሚበላው ድንጋይም የግድግዳ ሰዓት የሚበላው ስለሆነ ከሐርቡም ከኩታበርም ሱቅ አይታጣም።

ጉድለቱ አንድ ነው፤ አገሩን አያውቅም። በውስጡ ያለው ካርታ ኢትዮጵያን በሁለትና ሦስት መስመር ጨርሷት ያልፋል። ስለዚህ መንገዱን ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ አዘጋጅተን ማጉረስ አለብን። ከታች ያለው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ አሮጌ ጂፒኤስ መንገድ እንዲፈልግልዎት አይጠይቁት፤ መንገዱን እርስዎ ፈልገው፣ መስመሩን አስምረው ይስጡት።

መሣሪያው የትኛው ወገን ነው?

ሁሉም ጂፒኤስ ይባል እንጂ ፋይል የሚቀበሉበት በር ይለያያል። ይህን ሳያጣሩ ኬብል መሰካት ግማሽ ቀን ያስፈጃል። ጀርባውን ገልብጠው ወይም ሲበራ የሚመጣውን ጽሑፍ አይተው ሞዴሉን ወረቀት ላይ ይጻፉ።

አንደኛው ወገን ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ እንደ ፍላሽ የሚከፈት ነው። የጋርሚን ኢትሬክስ 20 እና 30፣ ጂፒኤስማፕ 62፣ የመኪናው ኑቪም እዚህ ውስጥ ናቸው። ሲከፈቱ ጋርሚን የሚል ፎልደር፣ በውስጡም ጂፒኤክስ (ጂፒኤስ የሚያነበው የመንገድ ፋይል ዓይነት) የሚል ሌላ ፎልደር ይታያል። ይህ ከደረሰዎት ዕድለኛ ነዎት፤ ሥራው ኮፒና ፔስት ነው።

ሁለተኛው ወገን ጂፒኤስማፕ 60ሲኤስኤክስንና ኢትሬክስ ሌጀንድ ኤችሲኤክስን የመሰሉት ናቸው። ዩኤስቢ አላቸው፣ ሜሞሪ ካርድም ይወስዳሉ፤ ግን ያታልላሉ። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው «ማስ ስቶሬጅ» የሚለውን ሲነኩ ኮምፒውተሩ ላይ የሚከፈተው ካርዱ ብቻ ነው። የውስጥ ሜሞሪው ተዘግቶ ይቀራል። ጂፒኤክስ ፋይል ካርዱ ላይ ቢገለብጡ መሣሪያው ዞር ብሎም አያየውም። ለእነዚህ በፕሮግራም በኩል መላክ ግድ ነው። ብዙ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ የሚጥላቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ምንም አልሆኑም።

ሦስተኛዎቹ ሽማግሌዎቹ ናቸው፦ ቢጫው የመጀመሪያ ኢትሬክስና ጂፒኤስ 12። ዩኤስቢ የላቸውም። ባለ 4 እግር መሰኪያ አላቸው፤ ኬብሉ በሌላኛው ጫፍ ባለ 9 ቀዳዳ ሲሪያል ነው። ዛሬ ላፕቶፕ ላይ ሲሪያል ስለሌለ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር አዳፕተር ከነድራይቨሩ (ኮምፒውተሩ እንዲያውቀው ከሚጫነው ፕሮግራም ጋር) ያስፈልጋል። ኬብሉ ከሌለዎት ግን ነጥቦቹን በእጅ መጻፍ ይሻላል፤ አንዳንዴ ከኬብል ፍለጋው ይፈጥናል።

ስለ ኬብል ካነሳን አይቀር፦ የአንደኛውና የሁለተኛው ወገን አብዛኞቹ ሚኒ ዩኤስቢ ናቸው፤ የድሮ ዲጂታል ካሜራ የሚሰካበት ወፈር ያለው አፍ። ከሞባይል ጥገና ቤት ሲገዙ «ቻርጅ ብቻ ነው ወይስ ዳታም ያሳልፋል?» ብለው ይጠይቁ፤ ቢቻል እዚያው ሰክተው ይሞክሩት። መሣሪያው በርቶ ኮምፒውተሩ ዝም ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው።

ዌይፖይንት፣ ሩት፣ ትራክ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የሚላከው ነገር ሦስት ዓይነት ነው፤ ምርጫው ጉዞውን ይወስናል።

ዌይፖይንት አንድ ነጥብ ነው። ድልድይ፣ መታጠፊያ፣ ውኃ ያለበት ቦታ። የመስክ ሠራተኞች «ፖይንት ወሰድኩ» የሚሉት እሱን ነው።

ሩት በቅደም ተከተል የተሰለፉ ጥቂት ነጥቦች ናቸው። በነጥቦቹ መካከል እንዴት እንደሚኬድ የሚወስነው መሣሪያው ነው። ካርታ ካለው በካርታው ላይ ያሰላል፤ ከሌለው ቀጥታ መስመር ይጎትታል። ከደሴ ኮምቦልቻ በቀጥታ መስመር ከ12 እስከ 13 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በአስፋልቱ ግን ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ልዩነቱን የፈጠረው በመካከላቸው ያለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ሐረጎ ነው። ካርታ የሌለው ጂፒኤስ ላይ «ደሴ» እና «ኮምቦልቻ» ብለው ሩት ቢሠሩለት ቀስቱን ገደሉ ላይ ይተክልልዎታል። ጎበዝ ካርታ የተጫነበትም ቢሆን የራሱን ስሌት ይሠራና እርስዎ ኦንላይን ላይ የመረጡትን ትቶ በሌላ በኩል ሊወስድዎት ይችላል። ሲላክ ሌላ፣ ሲደርስ ሌላ የሚሆነው በዚህ ነው።

ትራክ ግን እንደ መሬት ላይ የተጎተተ ገመድ ነው። ነጥቦቹ ተቀራርበው የመንገዱን እያንዳንዱን ጥምዝ ይይዛሉ፤ መሣሪያው አያሰላም፣ አያሻሽልም፤ እንዳለ ያሳያል። እርስዎ በመስመሩ ላይ መሆንዎን እያዩ ይሄዳሉ። «በ300 ሜትር ወደ ግራ ይታጠፉ» የሚል ድምፅ አይኖርም። ለአገራችን መንገድ ይህ ጉድለት አይመስለኝም። ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ የሚፈለገው የሚቀጥለው ጥምዝ ወዴት እንደሚዞር ነው፤ እሱን ትራኩ ስክሪኑ ላይ ያሳያል።

ስለዚህ፦ ትራክ ለመንገዱ፣ ጥቂት ዌይፖይንት ደግሞ ለወሳኝ ቦታዎች። ሩትን ለመኪና ኑቪና ቶምቶም ለሚባለው ሌላ የመኪና ጂፒኤስ እንተወው።

መስመሩን ማስመር

ምሳሌ እንዲሆነን ከደሴ ፒያሳ ተነስቶ በቦሩ ሜዳና በኩታበር አድርጎ ወደ ተንታ የሚወስደውን መንገድ እንያዝ። መቅደላ አምባን ለማየት የሚሄድ ሰው ከተንታ በኋላ የእግር መንገድ ስላለው መስመሩ ሁለት ዓይነት ይሆናል፤ ለትምህርትም ይመቻል።

ጎግል ማፕስ ራሱ ያሳየዎትን መንገድ ጂፒኤስ በሚገባው ፋይል አያወርድልዎትም። የሚያወርደው ወንድሙ ማይ ማፕስ ነው። በኮምፒውተር ብሮውዘር፣ በጂሜይል አካውንትዎ ገብተው ይክፈቱት።

1. «ክሬኤት ኤ ኒው ማፕ» ብለው አዲስ ካርታ ይክፈቱ፤ ስሙን በላቲን ፊደል ይጻፉ። ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል።

2. ከፍለጋ ሣጥኑ ሥር ካሉት ምልክቶች ሁለት አማራጭ አለዎት። «አድ ዳይሬክሽንስ» የሚለው መንገዱን ራሱ ይከተላል፤ በአንድ ሌየር (የካርታው ንብርብር) እስከ 10 ነጥብ ይቀበላል። «ድሮው ኤ ላይን» የሚለው ደግሞ እርስዎ በጠቅታ የሚያስምሩት ነው። እስከ ኩታበር የመጀመሪያው ይበቃል። መንገዱ ካርታው ላይ ተቆርጦ ከቀረበት ቦታ ጀምሮ በሁለተኛው ይቀጥሉ።

3. በእጅ ሲያስምሩ ከታች «ቤዝ ማፕ» የሚለውን ወደ ሳተላይት ይቀይሩና በደንብ ያቅርቡት። የጠጠር መንገድ ነጣ ያለ መስመር ሆኖ ይታያል። ጥምዝ ላይ ጠጋ ጠጋ አድርገው፣ ቀጥ ያለው ላይ ራቅ ራቅ አድርገው ይጠቅቱ። የእግር መንገድ ከላይ ሲታይ ከበጋ ወንዝ ጋር ይመሳሰላል፤ ወደ ሸለቆው እየሰፋ የሚወርድ ከሆነ ይጠርጥሩት፣ ወንዝ ነው። የእግር መንገድ የእርሻ ድንበር እየተከተለ ቤቶችን ያገናኛል።

4. እያንዳንዱን ክፍል በየራሱ ሌየር ያድርጉ፦ ደሴ–ኩታበር፣ ኩታበር–ተንታ፣ ከዚያ የእግሩ። በኋላ መሣሪያው «ረዘመብኝ» ሲል የሚያድነን ይህ ነው።

5. ከካርታው ስም አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነው «ኤክስፖርት ቱ ኬኤምኤል» (ኬኤምኤል የጎግል የካርታ ፋይል ዓይነት ነው) ይበሉ። የሚመጣው ሣጥን ውስጥ የሚወርደውን ሌየር ይምረጡ። «ኬኤምዜድ ሳይሆን ኬኤምኤል» የሚያሰኘውን ምልክት ያድርጉ። «ኪፕ ዳታ አፕ ቱ ዴት» የሚለውን ግን ባዶ ይተዉት። እሱን ከነኩ የሚወርደው ፋይል ወደ ኢንተርኔት የሚያመለክት ሊንክ ብቻ ይሆናል፤ መስመሩ ውስጡ የለም።

ለእኔ ከዚህ የሚሻለው ቢራውተር የሚባለው ድረ ገጽ ነው። ማንም ሰው የሚያርመውን ነፃ ካርታ፣ ኦፕን ስትሪት ማፕን፣ ተመርኩዞ ይሠራል፣ አካውንት አይጠይቅም፣ ካርታው ላይ በጠቀቱ ቁጥር መንገዱን ተከትሎ መስመር ይዘረጋል፤ ለመኪና፣ ለብስክሌት፣ ለእግር እየተባለ ይመረጣል። መንገዱ ካርታው ላይ የሌለበትን ቁራጭ ቀጥታ መስመር አድርገው መዝለል ይችላሉ። ዋናው ጥቅሙ ሲያወርዱት ነው፤ በቀጥታ ጂፒኤክስ ይሰጣል፣ ከፍታውንም ይዞ ይመጣል። ማይ ማፕስ ግን ከፍታውን ዜሮ አድርጎ ይልካል። ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ወደ 600 ሜትር የሚሆን ቁልቁለት አለ፤ የማይ ማፕስ ፋይል የጫነ ጂፒኤስ ላይ የትራኩን ፕሮፋይል ቢያዩ እንደ ጠረጴዛ የተደላደለ ሆኖ ይመጣል። ፋይሉ ነው እንጂ መሣሪያው አልተሳሳተም፤ እየሄዱ የሚያሳየው የራሱ ከፍታ ትክክለኛ ነው።

ኮምፒውተር በቅርብ የሌለው ሰው ኦስማንድ የሚባለውን የካርታ አፕ ስልኩ ላይ ጭኖ «ፕላን ኤ ሩት» በሚለው መስመሩን ሠርቶ ጂፒኤክስ ሴቭ ማድረግ፣ ከዚያ በቴሌግራም ለራሱ ልኮ ኢንተርኔት ካፌ ማውረድ ይችላል። እዚያ ያለው ኮምፒውተር ቫይረስ ሊኖርበት ስለሚችል ጂፒኤሱን ከመሰካትዎ በፊት የሜሞሪ ካርዱን ያውጡ።

ፋይሉን ማጠብ

ኬኤምኤል ለአሮጌ ጂፒኤስ አይገባውም፤ ጂፒኤክስ መሆን አለበት። ጂፒኤስቤብል የሚባል ነፃ ፕሮግራም ይጫኑ። መልኩ ያስጠላል፣ ግን የማይቀይረው የጂፒኤስ ፋይል ብዙም የለም። ከላይ «ኢንፑት» ላይ የጎግል ኧርዝ ኪሆል ማርክአፕ የሚለውን፣ ከታች «አውትፑት» ላይ ጂፒኤክስ ኤክስኤምኤል የሚለውን ይምረጡ፤ ትራክና ዌይፖይንት የሚሉት ሣጥኖች ምልክት እንዳላቸው ያረጋግጡ። መሣሪያው በኋላ ፋይሉን አላይ ካለ በኦፕሽን ውስጥ የጂፒኤክሱን ስሪት 1.1 አድርገው እንደገና ይቀይሩት።

ከመቀየርዎ በፊት ግን «ፊልተርስ» የሚለውን ይክፈቱ፤ ሁሉም መሣሪያ ልክ አለውና። ኢትሬክስ 20 እና 30 በአንድ ትራክ 10,000 ነጥብ ይይዛሉ፤ እነሱ ላይ አያስጨንቅም። 60ሲኤስኤክስና ሌጀንድ ኤችሲኤክስ ግን 20 ትራክ፣ በእያንዳንዱ 500 ነጥብ ብቻ ነው የሚያስቀምጡት። ከዚያ በላይ ከላኩ ጅራቱ ይቆረጣል። ጅራቱ ማለት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከባዱና የማያውቁት ክፍል ነው።

በፊልተሩ ውስጥ «ሲምፕሊፋይ» የሚለውን መርጠው 500 ብለው ይጻፉ። ፕሮግራሙ በዘፈቀደ አይቆርጥም፤ ቢወጡ መስመሩን ብዙ የማይለውጡትን ነጥቦች እየመረጠ ነው የሚያወጣው። ቀጥ ካለው መንገድ ላይ ይቀንስና ጥምዙን ይተዋል። 25 ኪሎ ሜትር ላለው የደሴ–ኮምቦልቻ መንገድ 500 ነጥብ በአማካይ በየ50 ሜትሩ አንድ ማለት ነው፤ ለሐረጎም ይበቃል። 100 ኪሎ ሜትር ላለው ግን በየ200 ሜትሩ አንድ ይሆንና ጥምዞች ይዋጣሉ። ሌየሩን ከፋፍለው ይሥሩ ያልኩት ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ 500 ይደርሰዋል።

ቀጥሎ ስም። አሮጌ ጂፒኤስ የግዕዝ ፊደል አያውቅም። «ኩታበር» ብለው ቢልኩለት ወይ ባዶ ያሳያል፣ ወይ የጥያቄ ምልክት ይደረድራል፤ አንዳንዱ ጭራሹን ፋይሉን አልቀበልም ይላል። የፋይሉም፣ የትራኩም፣ የዌይፖይንቱም ስም በላቲን ፊደል፣ አጭር ይሁን። የድሮዎቹ ከ6 ፊደል በላይ ይቆርጣሉ። «ኩታበር መግቢያ» እና «ኩታበር መውጫ» ተቆርጠው አንድ ዓይነት ስም ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ሊያጠፋው ይችላል፤ የሚለየውን ፊደል ወይም ቁጥር ከፊት ያድርጉት።

በመጨረሻ ፋይሉን በኖትፓድ ከፍተው አንድ መስመር ይመልከቱ። ደሴ በኬክሮስ 11.13፣ በኬንትሮስ 39.63 አካባቢ ናት ብለው በቃል ከመያዝ ይልቅ እንዲህ ይያዙት፦ ትንሹ ቁጥር 11 የሰሜን፣ ትልቁ 39 የምሥራቅ ነው። ኬኤምኤል የምሥራቁን ያስቀድማል፣ ጎግል ማፕስ ስክሪን ላይ ደግሞ የሰሜኑን። በእጅ ሲገለበጥ ከተምታታ ደሴ ከሰርዲኒያ በስተምሥራቅ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ትገባለች። ጂፒኤሱ «ርቀት 4,000 ኪሎ ሜትር» ምናምን ካለዎት ሌላ ቦታ አይፈልጉ፣ ቁጥሮቹ ተገለባብጠዋል።

ሌላው ወጥመድ ጥቃቅን ነውና አይታይም። 11.13 ዲግሪ እና 11 ዲግሪ ከ13 ደቂቃ አንድ አይደሉም። 11.13 ዲግሪ ማለት 11 ዲግሪ ከ7.8 ደቂቃ ነው። በእጅ ሲያስገቡ ይህን ከዘለሉት ነጥቡ ወደ ሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይሸሻል፤ ፒያሳ ያሉት ወደ ሐይቅ መንገድ ላይ ይገኛል። መሣሪያው ሴቲንግ ውስጥ «ፖዚሽን ፎርማት» የሚለውን በዲግሪ ብቻ አድርጉት ቢባል የሚቃወም አይኖርም።

መላክ

አንደኛው ወገን ጋር ጨዋታው አጭር ነው። ኬብሉን ይሰኩ፣ ፋይሉን ጋርሚን ውስጥ ወዳለው ጂፒኤክስ ፎልደር ይገልብጡ፣ «ኢጀክት» ብለው ይንቀሉ። ሳይሉ መንቀል ፋይሉን ጎዶሎ ሊያስቀረው ይችላል። ኢትሬክስ 20 ላይ «ትራክ ማናጀር» ይክፈቱ፣ ትራኩን ይምረጡ፣ «ሾው ኦን ማፕ» ይበሉ። ይህን ካላሉት ትራኩ አለ ግን ካርታው ላይ አይታይም፤ ብዙ ሰው «አልገባም» ብሎ ደግሞ ደጋግሞ የሚልከው እዚህ ላይ ነው። ቀለሙንም ደማቅ ቀይ ወይም ማጀንታ ያድርጉት፤ ግራጫው በፀሐይ አይለይም።

ለሁለተኛው ወገን ቤዝካምፕ የሚባለውን የጋርሚን ነፃ ፕሮግራም ይጠቀሙ። መሣሪያው ማስ ስቶሬጅ ላይ አለመሆኑን ያረጋግጡ፣ ድራይቨሩ ተጭኖ ይሰኩት፤ በግራ በኩል ስሙ ይወጣል። ጂፒኤክሱን በ«ኢምፖርት» ያስገቡ፣ ትራኩን ይያዙና መሣሪያው ስም ላይ ይጣሉት። ቤዝካምፕ ካስቸገረ ጂፒኤስቤብልም ይልካል፦ አውትፑቱን ከፋይል ወደ ዲቫይስ ይቀይሩ፣ ጋርሚን ሲሪያልና ዩኤስቢ የሚለውን ይምረጡ። መሣሪያው ላይ «ትራክስ» ከፍተው ስሙን ሲነኩ «ትራክባክ» የሚል አለ፤ እሱ መስመሩን ይዞ ይመራዎታል፣ ወደ መጀመሪያው ወይስ ወደ መጨረሻው ብሎ ይጠይቃል።

ሽማግሌዎቹ ላይ ትራክ አይላኩ። በሲሪያል የሚላክ ትራክ ብዙ ጊዜ የሚገባው መሣሪያው እየሄደ ከሚመዘግበው ጋር ስለሆነ ይቀላቀላል። ለእነሱ መገንጠያዎችን፣ ድልድዮችንና ከተሞችን ብቻ ዌይፖይንት አድርገው ይላኩ። ሴቲንግ ውስጥ ኢንተርፌሱ ጋርሚን በሚለው ላይ ይሁን፤ ኤንኤምኢኤ ላይ ከሆነ ኮምፒውተሩ አይሰማውም።

ኑቪ ሌላ ጠባይ አለው። ርካሾቹ ሞዴሎች ሩት የሚባል ነገር አያውቁም፤ የላኩትን ነጥብ ብቻ «ፌቨሪትስ» ውስጥ ያስገባሉ። ሩት የሚቀበሉትም ሲያስገቡት በራሳቸው ካርታ እንደገና ያሰሉታል። መፍትሔው በየመገንጠያው፣ ከመገንጠያው ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ነጥብ ማስቀመጥ ነው። መገንጠያው ላይ ራሱ ካስቀመጡት ነጥቡ በተሳሳተው መንገድ በኩል ሊያዝና ሄዶ ተመለስ ሊልዎት ይችላል።

ለቶምቶም ፋይሉ አይቲኤን ይባላል፤ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በኖትፓድ ይጻፋል። እያንዳንዱ መስመር አንድ ነጥብ ነው፤ ቁጥሮቹ ዲግሪው በ100,000 ተባዝቶ ያለ አስርዮሽ ነጥብ የሚጻፍ ሲሆን የምሥራቁ ይቀድማል፦

3963000|1113000|ደሴ|4|
3974000|1108000|ኮምቦልቻ|2|

4 መነሻ፣ 2 መድረሻ፣ በመሃል ላሉት ሁሉ 0። ስሞቹን እዚህ በግዕዝ የጻፍኩት ለንባብ ነው፤ ፋይሉ ላይ በላቲን ይጻፉ። የድሮዎቹ ቶምቶሞች በአንድ ፋይል እስከ 48 ነጥብ ይቀበላሉ። ፋይሉ አይቲኤን በሚለው ፎልደር ውስጥ ይገባል። ቶምቶሙ ላይ የኢትዮጵያ ካርታ ከሌለ ግን አይድከሙ፤ ያለ ካርታ አይነዳም።

ጀርባው ላይ ካርታ ማንጠፍ

ትራክ ባዶ ስክሪን ላይም ይሠራል፤ ካርታ ሲኖረው ግን ይጥማል። ከኦፕን ስትሪት ማፕ የተሠራ የጋርሚን ካርታ በነፃ ይገኛል፤ ቢቢባይክ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የሚፈልጉትን አካባቢ በሣጥን ከልለው፣ ኢሜይል ሰጥተው፣ ሲዘጋጅ ያወርዳሉ። ከወልዲያ እስከ ከሚሴ፣ ከመቅደላ እስከ ባቲ ቢከልሉ ይበቃል። ዓይነቱን ሲመርጡ «ላቲን 1» የሚለውን ይውሰዱ፤ ሌላው የአማርኛ ስሞችን ይዞ ስለሚመጣ አሮጌው መሣሪያ ያበላሻቸዋል። ዚፑን ሲፈቱ ጂማፕሰፕ የሚል ፋይል አለ። ኤፍኤቲ32 ፎርማት በተደረገ ካርድ ላይ ጋርሚን የሚል ፎልደር ፈጥረው እዚያ ያስቀምጡት፤ ስሙን አይቀይሩ። ለሁለተኛው ወገን ካርዱ በዚህ ላይ ይረዳል፦ ካርታ ከካርድ ያነብባል፣ ትራክ ነው የማያነበው።

ከመነሳትዎ በፊት

ለዓመታት ያልበራ ጂፒኤስ ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ ረስቷል። ሙሉውን ዝርዝር ከሰማይ ለማንበብ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል፣ ያውም ምልክቱ ካልተቋረጠ። ፒያሳ ፎቆቹ መሃል ቆመው አይሞክሩት፤ መናፈሻ ወይም ሰማይ የተከፈተበት ሜዳ ላይ አስቀምጠው ሻይ ይጠጡ። እየሄዱ ማስያዝ ያዘገየዋል።

ቀኑ የተሳሳተ ሆኖ ካገኙት አይደንግጡ። የጂፒኤስ ሳምንት እስከ 1,024 ይቆጥርና ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተመለሰው መጋቢት 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ያልታደሰ መሣሪያ ከ19 ዓመት ተኩል በላይ ወደኋላ የቀረ ቀን ያሳያል። ቦታውን በአብዛኛው አይነካም። የፀሐይ መውጫና መግቢያ የሚለውን ገጽ ግን አይመኑት።

«ማፕ ዴተም» (የቦታ ቁጥሮች የሚሰሉበት መነሻ) የሚለው ደብሊውጂኤስ 84 ይሁን፤ ኦንላይን ካርታዎች የሚጠቀሙት እሱን ነው። የመሥሪያ ቤት ጂፒኤስ ከሆነ ብዙ ጊዜ አዲንዳን በሚባለው የድሮ ዴተም ላይ ተቀምጦ ይገኛል፤ የድሮዎቹ 1 ለ50,000 የወረቀት ካርታዎች በእሱ ስለተሠሩ ነው። በዩቲኤም ቁጥር (በዲግሪ ፋንታ በሜትር በሚጻፈው) ሲያስገቡ ሁለቱ 200 ሜትር ያህል ይለያያሉ። ሜዳ ላይ ምንም ላይመስል ይችላል፤ ገራዶ ቁልቁለት ላይ ግን 200 ሜትር ማለት ሌላ ተረተር ነው። በዩቲኤም የወሎ አካባቢ ዞን 37 ነው።

ከዚያ በሚያውቁት መንገድ ይፈትኑት። ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውኃ ድረስ አጭር ትራክ ሠርተው፣ ልከው፣ በእግር ይሂዱበት። ቀስቱ ከመስመሩ 10 እና 15 ሜትር ቢርቅ የተለመደ ነው። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ እኩል የሚርቅ ከሆነ ዴተሙን ይመልከቱ። አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ከሆነ የሳተላይቱ ጉዳይ ነው፤ ፎቅና ገደል ያደርገዋል።

መንገድ ላይ ሲወጡ መሣሪያው የራስዎን ጉዞም እንዲመዘግብ «ትራክ ሎግ» ይክፈቱለት። የመሥሪያ ቤት ንብረት ከሆነ ደብዳቤውን አይርሱ፤ ኬላ ላይ «ምንድነው ይሄ?» ሲባል ወረቀት ከንግግር ያቀልላል። መለዋወጫ ድንጋይ ሲይዙ አዲሱን ከአሮጌው ጋር አይቀላቅሉ፤ ቻርጅ በሚደረግ ድንጋይ የሚጠቀሙ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ «ባትሪ ታይፕ» የሚለውን ወደ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ይቀይሩት፤ አለዚያ ቀሪውን ልክ በትክክል አያሳይም።

ሲመለሱ ትራክ ሎጉን አውርደው ከላኩት መስመር ጋር ቤዝካምፕ ላይ አነባብረው ይዩት። ሳተላይት ላይ አይተው ያሰመሩት የት ላይ እንደሳተ፣ ካርታው ላይ ያልነበረው መንገድ በየት በኩል እንደሚያልፍ ወለል ብሎ ይታያል። የተመዘገበውን ጂፒኤክስ ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ጭነው የጎደለውን መንገድ ቢያስምሩበት፣ ከእርስዎ ቀጥሎ ወደ ተንታ የሚነሳ ሰው ቢራውተር ላይ ያንን ቁራጭ በቀጥታ መስመር መዝለል አይጠበቅበትም።